በቲኬት ጀርባ የተጻፈ ጥያቄ

የደብሩ አባቶች፣ የእድራችን አባላት፣ ከከዚራና ከሳቢያን፣ ከመጋላና ከታይዋን ገበያ ሥራችሁን ዘግታችሁ በዚህ ሙቀት የቆማችሁ ወዳጆች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው የመምህርት ፋና ይሳቅ ዜና ሕይወት በአጭሩ የሚከተለው ነው። በአጭሩ ያልኩት ለወጉ ነው፤ መናገር ያለብኝን ሳልናገር ከዚህ ቦታ ስለማልነሣ ትንሽ ታገሡኝ።

እንደ ልማዱ ይህን ጽሑፍ ማንበብ የነበረበት የሥጋ ዘመድ ነው። ሟቿ ግን ከአንዲት የእህት ልጅ በቀር ዘመድ ስለሌላቸው፣ እርሷም ሐዘኑ ድምፅዋን ስለዘጋው፣ አባቶችም ቸርነት አድርገው ስለፈቀዱ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ የፊት ለፊት ጎረቤታቸውና የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው የሆንኩት እኔ አብዱላሂ ወርሳሜ እንዳነበው ሆነ። ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም፤ ለምን እንደማልበቃ ወደ መጨረሻው ትሰማላችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት መምህርት ፋና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ‹ለተማሪ ፈተና አሾልከው ሰጥተዋል› ተብለው ከመማሪያ ክፍል የተባረሩ መምህርት ናቸው፤ ይህ ስም አፈር ሳይለብሱ ከላያቸው መነሣት አለበት።

መምህርት ፋና በታኅሣሥ ወር 1951 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ይሳቅ ገብረየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቅነሽ በላቸው እዚሁ ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ኒም ዛፎች ሥር ባለው ቤት ተወለዱ። አባታቸው በምድር ባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ወዳለው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ክፍል ድረስ እንደማንኛውም ልጅ ሲማሩ ቆዩ፤ ሦስተኛ ክፍል ሳሉ ግን አንድ ቀን መምህሩ ድንገት አስነሥተው ጥያቄ ቢጠይቋቸው፣ መልሱ በልባቸው እያለ ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ ብሎ ቆመው ቀሩ፤ ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም አብረው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምንተኛን እስኪጨርሱ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ እጃቸውን አላወጡም። በእኛ ከተማ ዝም ያለ ሰው ‹ምን ነካው፣ አሞታል እንዴ?› ተብሎ ስለሚጠየቅ፣ እናታቸው ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ወስደዋቸው ‹ልጅሽ ጤነኛ ናት› ተብለው ተመልሰዋል። ይህን ታሪክ እርሳቸው ራሳቸው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነግረውኛል፤ እየሣቁ ነበር የነገሩኝ፣ እኔም አብሬ ሥቄአለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያ የሚያሥቅ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛ ደረጃን በመልካም ውጤት አጠናቀው፣ ሐረር ላይ የመምህርነት ሥልጠናቸውን ከፈጸሙ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ዋሂል በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደቡ። በዚያ የነበሩት ልጆች በቤታቸው ሶማልኛና ኦሮምኛ ተናግረው የሚያድጉ፣ አማርኛን በክፍል ውስጥ ብቻ የሚሰሙ ስለነበሩ፣ መምህርት ፋና ጥያቄ በጠየቁ ቁጥር አርባ ልጅ በአንድነት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክል ነበር። ሌላው መምህር ‹ደነዞች ናቸው› ብሎ አለፈ። እርሳቸው ግን ያን ዓይን መትከል ያውቁት ስለነበር፣ ልጆቹ ትምህርቱን ሳይሆን ክፍሉን እንደሚፈሩ ወዲያው ገባቸው።

እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበትና በመጨረሻም የተቀጡበት አሠራር የተጀመረው እዚያው ዋሂል ነው። የጉዞ ታሪፍ ተለውጦ የማያገለግሉ ሆነው የተጣሉ፣ ‹ከድሬ ዳዋ መኢሶ፣ ሦስተኛ ማዕረግ› የሚል የታተመባቸው ወፍራም ትንንሽ ቲኬቶች አባታቸው አንድ ጆንያ ሙሉ ሰጥተዋቸው ነበር፤ በገጠር ወረቀት አይገኝምና ይጻፉባቸው ብለው። መምህርት ፋና ከልጆቹ መካከል አንዲቱን፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ያልተሰማውን፣ መርጠው ደብተሯን አርመው ሲመልሱላት በውስጡ አንድ ቲኬት አኖሩላት። በጀርባው ‹ነገ ሦስተኛው ጥያቄ ያንቺ ነው› የሚል ቃልና ራሱ ጥያቄው ተጽፎበታል። ልጅቱ አንድ ሌሊት ሙሉ መልሱን ስታጠና አድራ፣ በማግሥቱ ሦስተኛው ጥያቄ ሲጠየቅ እጇን አወጣች፤ መለሰች፤ ማንም አልሣቀም።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ዝምተኛ ልጅ አምስት ቲኬት መደቡ። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ትንሽ ይከብዳል፤ አምስተኛው አሳስቦ የሚያሳድር ነው። ከአምስተኛው በኋላ ‹እንግዲህ ቲኬት አያስፈልግህም› ብለው ያቆማሉ፤ ልጁም በእውነት አያስፈልገውም ነበር። አንድ ቃል ብቻ ያስገቡታል፤ ‹ይህ በእኔና በአንተ መካከል ነው፣ ለማንም አትናገር› ይሉታል፤ ይህንንም ያሉት ጓደኞቹ አውቀው እንዳያላግጡበት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ቃሉን ጠበቀ፤ እያንዳንዱም በድሬ ዳዋ ምድር ቲኬት የሚሰጠው ለእርሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

መምህርት ፋና በ1975 ዓ.ም. በምድር ባቡር ረዳት ነጂ ከነበሩት ከአቶ አለምብርሃን ጋር ትዳር መሥርተው ነበር። ልጅ ሳይወልዱ፣ አቶ አለምብርሃን በ1979 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር ጅቡቲ ወርደው በዚያው ሌላ ቤት ሠሩ። መምህርት ፋና ባቡሩ በሚመለስበት ቀን ለሁለት ዓመት ያህል ጣቢያ እየሄዱ ቆመዋል፤ ይህን የምናውቀው በዚያን ጊዜ የነበርን ጎረቤቶች ብቻ ነን። ከዚያ በኋላ ጣቢያ መሄዳቸውን ተዉ፤ ሌላ ባልም አላገቡ፤ ወላጆቻቸውም ተከታትለው ሲያርፉ በዚያ ሰፊ ቤት ብቻቸውን ቀሩ።

ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ሆነው ለሃያ አምስት ዓመት አገልግለዋል። መምህራን ክፍል ሲደለደል ሁሉም ጎበዝ ጎበዙን ሲሻማ፣ እርሳቸው ማንም የማይፈልገውን ክፍል ‹ለእኔ ስጡኝ› ይሉ ነበር። የከሰዓት ፈረቃ፣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ሲግል፣ ልጆች በዴስክ ላይ ተደፍተው የሚያንቀላፉበት ሰዓት ነው፤ የእርሳቸው ክፍል ግን በዚያ ሰዓት ይንጫጫ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሲቆጠር ከእርሳቸው ክፍል ትምህርት ያቋረጠ ከሁሉ ያነሰ፣ የሚኒስትሪ ፈተና ያለፈ ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ይገኝ ነበር። እኛ ባልደረቦቻቸው ይህን አይተን ‹እንዴት አድርገሽ ነው?› ብለን መጠየቅ ሲገባን ጥርጣሬ ገባን፤ ምቀኝነት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ሲሰጥ፣ ሚክዳድ የሚባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሸሚዙን ኪስ ሲነካካ ፈታኙ አይተው ቢፈትሹት አንድ ቲኬት ተገኘ። ሚክዳድ የመጀመሪያ ቲኬቱን ከኪሱ አይለይም ነበር፤ ሌላው ልጅ ክታብ አስሮ እንደሚመጣ፣ እርሱም ፈተና ሲመጣ ልቡን እንዲያጸናለት ቲኬቱን ይዞ መጣ። በጀርባው ያለው ጥያቄ በዚያ ቀን ፈተና ላይ ከወጡት አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የሚገርም አልነበረም፣ መምህርት ፋና ፈተና የሚያወጡት በክፍል ከተጠየቁት ጥያቄዎች ነበርና። አምስት ሰዎች ያሉበት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቋቋመ። በኋላ ወንበር የሚቀመጡ ሰነፎች በድንገት መልስ ማወቃቸው፣ የክፍሉም ውጤት በየዓመቱ ማደጉ፣ ሥርቆቱ የቆየ ለመሆኑ ማስረጃ ተብሎ ቀረበባቸው። የልጆቹ መሻሻል ወንጀል ሆኖ የተቆጠረበት ስብሰባ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

‹ቲኬቱን የሰጠሽው አንቺ ነሽ?› ተብለው ሲጠየቁ ‹አዎን› አሉ። ‹ለሌላስ ሰጥተሻል?› ሲባሉ ‹ሰጥቻለሁ› አሉ። ‹ለእነማን?› ሲባሉ ግን ዝም አሉ። አንድ ስም ቢጠሩ፣ ያ ልጅ ተጠርቶ ጥያቄው የክፍል እንጂ የፈተና አለመሆኑን ቢናገር ይድኑ ነበር፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ቃል ገብተዋል። ‹የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ› ይላል ያገራችን ሰው፤ እርሳቸው የወለዱት አልነበራቸውምና የራሳቸው ስም ይጥፋ አሉ። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ፣ የሚክዳድ ፈተና እንዳይሰረዝ ነበር፤ ጥፋቱን በሙሉ ስለወሰዱ ይህ ተፈቀደላቸው። ሚክዳድ ትምህርቱን ጨርሶ ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ ቴክኒሻን ነው፤ አሁን ሣጥናቸውን ይዘው ከቆሙት አንዱ እርሱ ነው።

መምህርት ፋና ከማስተማር ታግደው በዚያው ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኑ፤ እስከ ጡረታቸው ስምንት ዓመት እዚያ ተቀመጡ። ግምጃ ቤቱ የቀድሞ ክፍላቸው ጎን ነበር፤ በመካከል ያለው አንድ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ስለሆነ መምህሩ ሲጠይቅ፣ ክፍሉም ዝም ሲል ይሰማቸው ነበር። ጠመኔ ከኪሳቸው አልጠፋም፤ ለምን እንደሚይዙት የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። መምህራን በዕረፍት ሰዓት አጠገባቸው መቀመጥ ተዉ፤ እኔም ከተዉት አንዱ ነኝ። የከዚራ መንገድ ስፋቱ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ በረንዳችን ፊት ለፊት ሆኖ አሥራ አምስት ዓመት ‹እንዴት ዋልሽ›፣ ‹እንዴት ዋልክ› ከመባባል አላለፍንም።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ የጠዋት ፈረቃ በሚለቀቅበት ሰዓት በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር። ያስተማሯቸው ልጆች አድገው፣ ባጃጅ እየነዱ፣ ልጆቻቸውን እየመሩ በዚያ ያልፋሉ፤ ነገር ግን መምህርታቸው ጋ ሲደርሱ አንገታቸውን ደፍተው ይፈጥናሉ። የእህታቸው ልጅ ሳሌም እንደነገረችኝ፣ አንድ ቀን ይህን አይተው ‹ልጆቹም አምነውብኛል ማለት ነው› ብለው ወንበራቸውን ወደ ቤት አስገቡ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰዓት አልወጡም። በፊት ለፊቱ በረንዳ ተቀምጬ የባዶውን በረንዳ ምክንያት ከማንም ይልቅ አውቅ ነበር፤ ሄጄ ግን አላንኳኳሁም።

መምህርት ፋና የስኳር ሕመም ኩላሊታቸውን ጎድቶት ላለፉት ሦስት ሳምንታት ሆስፒታል ተኝተው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ከትናንት በስቲያ፣ እንደ እድር ሊቀመንበር ሕመምተኛ መጠየቅ ግዴታዬ ስለሆነ፣ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ሙቀቱ አወራሁ፤ ስለ ዘንድሮው ዝናብ አወራሁ፤ ሰላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ስለ አየር ጠባይ ወሬ አያጣም። ልነሣ ስል ለሳሌም ምልክት ሰጥተው ከቦርሳቸው አንድ ቲኬት አስወጡ፤ ብዙ ጊዜ ወስደው በጀርባው ጻፉበትና በመዳፌ ውስጥ አኖሩት። ‹ነገ› አሉኝ። ደጅ ወጥቼ ሳነበው ‹አብዱላሂ፣ ነገ አንድ ጥያቄ እጠይቅሃለሁ፤ የቱሪያን ቲኬት ምን አደረግከው? ተዘጋጅተህ ና› ይላል።

ትናንት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መልሱን አዘጋጅቼ ስደርስ አልጋው ተነጥፎ ነበር። መምህርት ፋና ንጋት ላይ በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው አርፈው ነበር።

ትናንት ከሰዓት በድንኳኑ ውስጥ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ወረቀትና ብዕር ይዤ የሚያውቋቸውን ሰዎች ስጠይቅ፣ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትነግደው ፊርዶስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ‹መምህር፣ ቲቸር የተባረረችው በኔ ምክንያት ነው፤ ለኔ ብቻ ጥያቄ ትሰጠኝ ነበር፤ ያኔ ብናገር ይብስባታል ብዬ ነው› አለችኝና ከቦርሳዋ አንድ የተጠቀለለ ቲኬት አወጣች። ከኋላዋ የተቀመጠው ባለ ባጃጁ ዓብዲ ሰምቶ ኖሮ ‹አቦ ምን ትላለች ይቺ! ለእኔ ብቻ ነው እኮ የሰጠችኝ!› ብሎ ጮኸ፤ ሮጦ ሄዶ ከባጃጁ መስታወት ጀርባ የእርሱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ አንዱ ከወዲያ፣ አንዲቱ ከወዲህ እየተነሡ ማምጣት ጀመሩ፤ ቤቱ የሄደም አለ፣ ስልክ ደውሎ ያስመጣም አለ። እስኪመሽ ድረስ ሠላሳ አንድ ቲኬት ተሰበሰበ፤ ሁሉም ከድሬ ዳዋ መኢሶ፣ ሁሉም ሦስተኛ ማዕረግ። እንግዲህ ያ ሁሉ ልጅ በዚያ በረንዳ ሥር አንገቱን ደፍቶ ያለፈው በመምህርቱ አፍሮ ሳይሆን ጥፋቱ የእርሱ ብቻ መስሎት ነበር። እርሳቸውም ይህን ሳያውቁ ሞቱ፤ ይህ ነው ከሁሉ የሚያመኝ።

አሁን የእኔን ልናገር። ልጄ ቱሪያ በዚያ ዓመት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ድምፅዋን የሰማ መምህር አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ግን ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሁለት ቀን ሲቀረው በቦርሳዋ ውስጥ ቲኬት አገኘሁ። በጀርባው ያለው ጥያቄ ‹ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በየትኛው ክፍሉ ነው?› የሚል ነበር፤ ፈተናው ላይ አልወጣም። ያን ቲኬት ጠረጴዛው ላይ ባኖረው ኖሮ የመምህርት ፋና ነገር በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊና የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ‹የዩኒት ሊደሩ ልጅ ፈተና ተሰጣት› እንዳይባል፣ ደረጃዋም እንዳይሰረዝ ፈራሁ፤ ቲኬቱን ወሰድኩባት፤ ለማንም እንዳትናገር ወላሂ ብላ እንድትምል አደረግኋት፤ ከዚያም ሄጄ ቃለ ጉባኤውን ጽፌ ፈረምኩ። ‹ዝም አይነቅዝም› ይባላል፤ የእኔ ግን ነቅዟል። ቱሪያ ለመምህርቷ ‹ቲኬቴን አባቴ ወሰደብኝ› ብላ ኖሮ፣ መምህርት ፋና ያን ሁሉ ዓመት እያወቁ ለማንም አልተናገሩም፤ ቱሪያም ከዚያን ቀን ወዲህ በእኔ ቤት ውስጥ እንደ ድሮው ዝምተኛ ሆነች።

ፋና፣ ጥያቄዬን መልስ ብለሽኛል፤ አንቱታውን ትቼ እንደ ዱሮአችን ልመልስልሽ። የቱሪያን ቲኬት አልቀደድኩትም። አሥራ አምስት ዓመት በማስተማሪያ አትላሴ ውስጥ፣ ማንም በማይገልጠው ገጽ ደብቄው ነበር። ይኸው በእጄ ነው። አልሰረቅሽም፤ አላሾለክሽም፤ የፈረምኩት ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ነው። አንድ ቀን ቀድሜ ልመልስልሽ ይገባኝ ነበር፤ ፈሪ ተማሪ ሆኜ ቆየሁ።

መምህርት ፋና ይሳቅ በሥጋ የተዉት ዘመድ የእህታቸው ልጅ ሳሌም ብቻ ናት። የዋሂልና የድሬ ዳዋ ልጆቻቸው ግን ስንት እንደሆኑ ቆጥሮ የደረሰበት የለም። የእድሩ ጉባኤ ይህ ጽሑፍ ከሠላሳ አንዱ ቲኬትና ከእኔ ፊርማ ጋር ለትምህርት ቤቱ እንዲላክና ያ ቃለ ጉባኤ እንዲሻር እንዲጠየቅ ወስኗል። በሕመማቸው ላስታመሙ፣ ድንኳን ለተከሉ፣ በዚህ ፀሐይ ለቆማችሁ ሁሉ በሳሌም ስም ምስጋና አቀርባለሁ። እናንተም በመጽሐፋችሁ፣ እኛም በእኛ፣ የምንለምነው አንዱን ፈጣሪ ነውና፣ በምድር ብቻቸውን ያስቀመጥናቸውን እርሱ ከወዳጆቹ መካከል ያስቀምጣቸው፤ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ዕረፍት ያሳርፍልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን። አሜን።

አፈሩ ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከዚህ ከቆማችሁት መካከል ከመምህርት ፋና ቲኬት የደረሳችሁ ሁሉ፣ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ከፍ አድርጉት።

ቱሪያ፣ አንቺም አውጪ።